ቤት መምታት

ቀን ዶዘር ነጂ ነኝ፣ ማታ ግጥም ጫሪ፤
ይህን የሰማ ዕለት የቡድናችን መሪ፣
«አንተማ ለምደሃል» አለኝ እየሳቀ፣
«ቤት መምታት ሥራህ ነው» ቀልዱን አደመቀ።
እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ሥራ ነው ሳቁ፣
ፉሪ ተራራ ሥር፣ ቤቶቹም ሳይነቁ።

ሐምሌ ነው። ንጋት ነው። ጭቃው ቦት ያወልቃል፣
ቀይ ኤክስ በየበሩ ከጭጋጉ ይደምቃል።
ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ማኅተምም አለው፤
ላምቤቦን «ይዞታ አርባ ሦስት» ነው የሚለው።

ልጆቹን አስወጣ፣ ፍራሹን አወጣ፣
ሰዓቱን ከሚስማር ነቅሎ አቅፎት መጣ።
ከዚያ ተመለሰ፣ በሩን ገጠመና፣
ቆለፈው። ሳበና ሞከረው እንደገና።
ገበያ የሚሄድ፣ የሚመለስ ይመስል
ወደ ዶዘሬ መጣ ቁልፉን ሲያንቃጭል።
ሽቅብ ዘረጋልኝ፦ «ያዘው የኔ እንግዳ፣
በበሩ ግባበት። ለምን በግድግዳ?»

በአንድ እጄ ላይ ዋለ ሁለት ዓይነት ቁልፍ፣
አንደኛው የሚከፍት፣ ሌላው የሚያረግፍ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ከታች መሪው፣
«ኃጢአት ካለበትም የፈረመው ነው።
ደግሞስ ከጥንት ነው፦ ሰማይ አይታረስ፣
ንጉሥ አይከሰስ…» ቃሉን ሳይጨርስ
አሰብሁት እውነቱን፦ ከሰማይ በስተቀር
ያላረስሁት የለም በዚህች ከተማ ዳር።
የጎመን መደቡን፣ የለቅሶ ድንኳኑን፣
ግድግዳ ላይ ያለ የሠርግ ቀን ፎቶውን፤
ሁሉን በትእዛዝ ነው። ሁሉን በፊርማ ነው።
ማታ ስተኛ ግን የሚነዝረኝ እጄ ነው።

ጀግና እንዳይመስላችሁ። ኪራይ አለብኝ፣ ልጅ፤
ሞተሩን ስዘጋ ተንቀጥቅጬ ነው እንጂ።
ወረድሁ። መሪው ሳቀ፤ ቁጣም አላወጣ፤
ስልኩን አነሣና፣ ሌላ ነጂ መጣ።
ወጣት ነው፤ ሲያልፈኝ በዓይኑ ሸሸኝ፣
ትናንት የነበርሁት እኔን መሰለኝ።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አርባ ሦስት አለፈ፤
በሩም መሬት ወደቀ፣ እንደተቆለፈ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ምንም አያድንም።
ቤት ያልመታሁ እኔ፣ ቤት አላዳንሁም።
ዛሬም ብዕር ይዤ ቁጭ ስል ማታ
ሕጉ ያዘኛል፦ «መጨረሻውን ቤት ምታ።»
በአንድ እጄ ብዕሩ፣ በአንዱ ቁልፉ አለ፤
ይህቺን የመጨረሻ መስመር እንደቆመች ተውኋት።