ውጭ አገር፣ ካዛንቺስ

የድሮው ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ፣
ረዳቱ ስሙን እየጠራ ሲያልፍ ሲመለስ፣
ከጫማ ጠጋኙ በላይ፣ ቁልቁለቱን ተንተርሶ፣
አንድ ግንብ ነበረ፣ አበባ እስከ አንገቱ ለብሶ።
በሩ ላይ የነሐስ ጽሑፍ፣ ጣሪያው ላይ የሰው ባንዲራ፤
አምስት ዓመት የበላሁባት አገር፣ ስሟን ዛሬ የማልጠራ።

በልጅነቴ ሄጄ ሽቦ መቀጠል አስተማሩኝ፣
ቋንቋቸው ሳይገባኝ ካፖርትና ሾርባ ሰጡኝ።
ያቺ አገር ነች እንግዲህ አንድ ሌሊት የተከፈለች፣
በሁለት አፍ፣ በሁለት ማኅተም፣ ሁለት መንግሥት ሆና ያደረች።
አንዱ አምባሳደር ተጠራ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳይዘጋ፤
ሌላው ከሆቴል ጻፈ፦ «ቤቱን ልረከብ፣ ሲነጋ።»

«ግቡ» አለች የቀረችው ጸሐፊ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ ጥላ፤
ስድስት ሆነን ገባን፣ ይዘን ፍራሽና ባቄላ።
ሌንሳ የሕግ ተማሪ፤ እንግዳወርቅ የቦቴ መካኒክ፤
ሌሎቹም እንደኔ፣ ያቺ አገር ያሳደገቻቸው በልክ።

ቪዛ የጠየቀኝ የለም። ደጅ ሳልጠና፣ ሳልሰለፍ፣
ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር ከእግረኛው መንገድ እስከ ደፍ።
ወዲያ ካዛንቺስ፣
ወዲህ ውጭ አገር፤
መሐል ቆሜ አፍንጫዬን ቢበላኝ፣
በማን ምድር ላስነጥስ? ብዬ ነበር።

በማግስቱ ሰልፍ መጣ፣ በድምፅ ማጉያ፣ በፉጨት፤
ያገሩ ልጆች ናቸው፣ ዐይናቸው የቀላ በእንቅልፍ እጦት።
እነሱም ያለቅሳሉ። ይህን መደበቅ አልችልም።
«ወንድሜን ያሰሩት እነሱ ናቸው» አለችኝ አንዷ። መልስ አልነበረኝም።
ሌንሳ አንቀጽ ጠቀሰችላት፤
እኔ ውሃ ሰጠኋት።
በፍርግርጉ ጠጣች፤ ብርጭቆውን መለሰችልኝ፤
ወዲያው ዞራ «ሌቦች!» ብላ ጮኸችብኝ።

ፖሊሱ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፣ ወደ ማንም ሳይወግን፤
«ጋሼ፣ የማን እንግዳ ናችሁ?»
«የቤቱ።»
«ቤቱስ የማን?»

በዘጠነኛው ቀን መኪና ቆመ፣ መሰላል የጫነ፤
የመብራት ኃይል ነው፤ ሆዴ ከኔ ቀድሞ ባነነ።
ምሰሶው ላይ የወጣው ውብሸት ነው፣ የኔው ተማሪ፣
ቀበቶ ያስታጠቅሁት፣ ያኔ ከፍታ ሲፈራ።
«ቁልቁል አትይ፣ ሽቦውን አክብረው» ያልሁት፤
አከበረው። ቆረጠው። ልክ እንዳስተማርሁት።
«ጋሽ ላቀው፣ ይቅርታ» አለ ከላይ፣ ድምፁ ሳስቶ፤
ወረደ፤ መሰላሉን አጠፈ፤ ሄደ ወዲያ ዞሮ፣
የእጅ ባትሪውን ግንቡ ላይ ረስቶ።
(ለወጉ ያህል ነው «ረስቶ» ማለቴ።)

ከዚያ ወዲያ ጨለማ። ሐምሌ ነው፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤
በሐር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ባቄላ ይፈለፍላል።
ግድግዳው ላይ ፕሬዚዳንቱ፣ ከሁለቱ አንዱ፣ ያየናል።
ተናኜ ከሱቋ ወጥታ ዳቦ በግንቡ ትወረውራለች፤
«ፖለቲካችሁ አይገባኝም፤ ሂሳቡ ግን ይጻፋል» ትላለች።

ለምን ነበር የቆየሁት? ለመንግሥቱ? ለየትኛው?
ስለ ሕግም ሌንሳ ታውቃለች፤ እኔ ሾርባውን ነው የማስታውሰው።
ብድር በምድር ይላሉ፤
ምድሩ የማን እንደሆነ ግን
አይነግሩህም፣ ዝም ይላሉ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ወረቀት መጣ፣ ማኅተሙ ትክክል።
ሌንሳ ሁለቴ አነበበችው፤ ከዚያ አጠፈችው፣ በአራት እኩል።
ማንም አልገፋንም። ፍራሻችንን ጠቀለልን።
ቁልፉን ለፖሊሱ ሰጠሁት፤
ለማን እንደሚያስረክብ ሳያውቅ ያዘው፣ በእጁ እየመዘነ።

ያለ ቪዛ የገባሁ፣ ያለ ማኅተም ወጣሁ።
«የት ጠፋህ?» አለኝ ጫማ ጠጋኙ፣ ወስፌውን ከአፉ አውጥቶ።
«ውጭ አገር ነበርሁ።»
«ታዲያ ምን አመጣህልኝ?»
ኪሴን ዳበስሁ። የውብሸት ባትሪ ናት፣ ድንጋይዋ ያለቀ።
ተጫንኋት።
አልበራችም።
«ይህችን» አልሁት።