የውሃ አባት ቃለ ጉባኤ

የካቲት ነው፤ ማታ። በአልፕስ ተረተር ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ፣
አርባ አንድ ሰው መጣ ውሃ ሊተሳሰብ።
ከግድግዳው በላይ፣ በሚስማር ተሰቅሎ፣
የየቤቱ በትር አለ፣ ጭረቱን አዝሎ፤
አንድ ጭረት ማለት የአራት ሰዓት ውሃ ነው፣
ከበረዶ ግግር ወርዶ ሣር የሚያረጥበው።

እኔ ቴዎዱል ነኝ። የውሃ አባትነት ከአጎቴ ወረስኩ፤
ብዙ ጸብ ዳኘሁኝ፣ ብዙ ቦይ ጠረግኩ፤
የሌለ ነገርን ማካፈል ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩ።
ግግሩ ሸሽቷል። ባለፈው ነሐሴ
ደረቅ ቦይ ጠበቅሁኝ፣ አካፋ በትከሻ፣ እያፈርኩ በራሴ።

ረሚጊዩስ ተነሣ፣ የእህቴ ልጅ፣ የዙሪኩ ተማሪ፣ ጠመኔ ጨብጦ፤
«ሦስት መንገድ አለ» አለን፣ ሰሌዳውን በሦስት ቆራርጦ።
«አንድ፦ ለውሃው ዋጋ ይውጣ፣ የቻለ ይግዛው፤
ሁለት፦ መንግሥት ይረከበው፣ ሕግ ያውጣ፣ ይምራው፤»
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጠመኔው አለቀ፤
የሆቴሉ ጠበቃ በአንደኛው ደስ ብሎት ወደ መስኮት ሳቀ።

ጭረት መፋቅ አለብን። እሺ። ግን ከማን ይጀመር?
ከሁሉም አንድ አንድ ቢባል፣ አንድ ብቻ ላለው ምን ሊቀር?
በድርሻ ልክ ቢባል፣ ግማሽ ጭረት እንዴት ይፋቃል?
«ያቀለጠው ይክፈል!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ ማን እንደሆነ ማን ያውቃል።
ያቀለጠውማ እዚህ የለም፤ የለም እንዳልል ደግሞ፣
የኔው አሮጌ ትራክተር፣ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ፣ ውጭ ያስል ነበር ቆሞ።

«ደግሞስ ከታች ያሉት» አለች ኦዲሊያ፤ «ወንዛችን ሲያልፍ የሚጠጡት፣
እስከ ባሕሩ ድረስ፣ በትራቸው የታል? ከየትኛው ሚስማር ሰቀሉት?»
ማንም አልመለሰም። ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።
በሰማንያ ሦስት ዓመቷ፣ ከቀሚሷ ኪስ የአይብ ሴንጢ ወጣ።
ወንበር ላይ ቆመች፣ ሰው ሳይደግፋት፣ በትር አውርዳ ፋቀች፤
ፍቅፋቂው ጫማዋ ላይ ረገፈ፤ «ይኸው የኔ» አለች።

የሷ አልነበረም።
የኪሊያን ነበር፤ ሰባት ጭረት ያለው፤
በድንበር ካብ ሰበብ ሃያ ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርሽ» ያላላት ሰው።

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ሁሉም ዞረ ወደሱ።
ባርኔጣውን ሲያሽከረክር ቆየ፤ ቀና አላለም ራሱ።
«ተይው» አለ፤ «ከተፋቀ ተፋቀ።»
ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ጸቡ ግን አላለቀ።

እጅ አልተነሣም፣ ድምፅ አልተቆጠረ፤
«ሦስት» ከሚለው ጎን ሰሌዳው ባዶውን አደረ።
እኔም መዝገብ ዘርግቼ ጻፍኩ እንደ ደንቡ፦
«ኪሊያን፤ ሰባት የነበረ፣ አሁን ስድስት። የመፋቁ ሰበቡ...»
ብዕሬን ያዝ አደረግኩ፤ ውጭ ትራክተሬ ሳለ።
«መነጽር ረስታ ነው» የሚል ቃል በመዝገቡ አለ።