ዕጣው ለሚስቴ ወጣ

ዘጠኝ መከር ሙሉ ቅጹን ሞልቻለሁ፤
ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የካናቴራ ልኬን ጽፌ ልኬአለሁ።
ዘጠኝ ጊዜ መልሱ ጎንበስ ብሎ መጣ፦
«እጅግ እናዝናለን፤ የርስዎ ዕጣ ዘንድሮም አልወጣ።»
የቶኪዮ ነገር፣ ትሕትናዋ ብዙ ነው፤
በር ስትዘጋብህ እንኳ እጅ እየነሣች ነው።

ኩራማኤ ሰፈር ቁልፍ ቀራጭ ነኝ፤
በሩ እምቢ ያለው ሁሉ እኔን ነው የሚለምነኝ።
የዚህ ሩጫ በር ብቻ፣
አንድ ጥርስ ጎድሎት ነው መሰል፣ አልዞር አለ የኔ መክፈቻ።

ሱቄን እዘጋና በሱሚዳ ወንዝ ዳር
በዝናብም በውርጭም እሮጥ ነበር።
ሚስቴ ፉሚኤ ጨው የገባው አትክልት ሻጭ ናት፤
ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ደረጃው መሃል ማረፍ አለባት።
«የምታባርረው የለህ፣ የሚያባርርህ የለ፤
ምን ያስሮጥሃል?» ትለኝ ነበር፣ ፍጁል እየላጠች።
በአሥረኛው መከር፣ ቢላዋዋን እንደያዘች፣
ከኋላዬ መጥታ ቅጹን አየች፤
«እስቲ የኔንም ስም ጻፈው፣ ለሳቅ ያህል» አለች።
ጻፍኩት።
የሚገመት የመግቢያ ሰዓት?
«ለእራት ትደርሳለች በል።»

ሁለት መልእክት መጣ፣ በአንድ ደቂቃ።
አንዱን አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል።
ሌላው «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል፤
ለፉሚኤ።

ሦስት ቀን አኮረፍኳት።
ሩዙን በዝምታ፣ ሾርባውን በዝምታ።
በአራተኛው ማታ
የኔን ጫማ ተጫምታ፣ ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ከደጅ ቆማ አገኘኋት።
«ደንቡን አነበብኩት፤ ቁጥር ለሌላ ሰው አይሰጥም» አለች፤
«እግርህን ካልፈለጉት፣ ያለው የኔ እግር ነው፤ በል አስተምረው።»

የመጀመሪያው ምሽት፣ እስከ ድልድዩ ብቻ።
ተቀምጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ሳልወድ።
ጥር ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ሄደች፣ ሽፋሽፍቷ በረዶ ይዞ።
ትንፋሽ አያያዝ አሳየኋት፣ ዳገት አሳየኋት፤
ያስተማርኳትን ያህል ደግሞ ቀናሁባት።

የሩጫው እሑድ በተዘጋው ሱቄ ደጃፍ ቆምኩ፤
ሙዝና በጨው የቆየ ፕሪም ይዤ ጠበቅሁ።
ሠላሳ ምናምን ሺህ ሰው እንደ ጎርፍ አለፈ፣
ጎርፉ ሳሳ፣
ከዚያ እሷ፣ ሳንቲም እንደ ጣለ ሰው መሬት መሬቱን እያየች።
ፕሪሙን ወሰደች፤ ሙዙን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠች፦
«አንተ ብላው፣ ገርጥተሃል።»

ከዚያ በስልኬ ላይ ተከተልኳት።
በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ምንጣፉን ስትረግጥ አንድ መስመር ይበራል፤
ሃያ አምስት፣ በራ። ሠላሳ፣ በራ።
ሠላሳ አምስት፣ ዘግይቶ፣ በራ።
አርባ።
አርባ።
ሙዙ እጄ ውስጥ ጠቆረ።

ሚታ አካባቢ ገመድ ዘርግተውባታል፣
ባርኔጣ ያደረጉ ልጆች፣ እጅ እየነሡ።
አውቶቡሱ ሞቃት ነበር አለችኝ፤
አጠገቧ አንድ የጥርስ ሐኪም ሲያለቅስ
ከኪሷ ጨው የበላ ዱባ አውጥታ አጎረሰችው።

በማግስቱ ውጤቱ ወጣ።
ስሟ፣ ቁጥሯ፣ ሰባት መስመር ሰዓት፤
ከአርባ ትይዩ ሰረዝ።
ያቺን ሰረዝ ስንት ሌሊት አየኋት!
ዘጠኙ «እናዝናለን» ተደምሮ እሷን አያህልም።
ፉሚኤ ግን አየት አደረገችና፣ «አራት ኪሎ ሜትር ዕዳ አለብኝ፣
ዕዳ ደግሞ አልወድም» አለች።

በሳምንቱ እሑድ፣ ገና ሳይነጋ፣
ገመዱ ከተዘረጋበት ቦታ ቆምን፣ ሁለታችን።
አጨብጫቢ የለ፣ ምንጣፍ የለ፤
በእግረኛው መንገድ ነው የሮጥነው፣
ቀይ መብራት ባየን ቁጥር እየቆምን፤
ባዶ መንገድ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ አሥራ አንድ ጊዜ።
ስንቆም እጄን ትይዛለች፣ ሲበራ ትለቀዋለች።

ቀዩ የጡብ ጣቢያ ፊት ስንደርስ
አንድ ዘበኛ መጥረጊያውን አቁሞ
በላብ የራሰ ልብሳችንን አየና አዘነልን፦
«ምነው፣ ባቡር አመለጣችሁ?»
«አዎ» አለች ፉሚኤ፣ ጉልበቷን ይዛ፤
«ያለፈው እሑድ።»