ሜትር

እቁቡ ደረሰኝ፣ ሰኔ ሲገባ ላይ፤
ደላላው ይርሳው ጋ፣ መኪና ልናይ
ማርቆስ ላይ ተገኘን፣ ከጋራዡ ጓሮ፤
አባቴም መጣልኝ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ከረባት አስሮ።

አርባ ዓመት የሰፋ፣ ኮትና ሱሪ፣
የጨርቁን እውነት በጣቱ መርማሪ፤
"ሞተሩን አንተ እይ፣ ጎማውን አንተ እይ፣
እኔ ውስጡን ልየው" አለኝ፣ "ሰው የሚቀመጠው ውስጥ አይደለም ወይ?"

አንዷ ነጭ ቪትዝ ናት፣ እንደ እንቁላል ቁጭ ያለች፤
አንዱ ዲዛየር ነው፣ ብርማ፣ ፀሐይ የምትንሸራተትበት ስትመሽ።
ይርሳው አሞገሰ፦ "ዲዛየር ሰፊ ነው፣
ሦስት የተኳረፉ ነጋዴዎች ኋላ ይይዛል፣ ሳይነካካ ክንዳቸው።"

አባቴ አልሰማውም። ጫማውን አወለቀ፣
ኋላ ወንበር ገብቶ ሜትሩን መንጨቀ፤
ከጉልበት እስከ ፊት ወንበር ስንት ጣት ይተርፋል?
ከአናት እስከ ጣሪያ ባርኔጣ ያልፋል?
ትከሻ ለትከሻ፣ ወገብ፣ የጭን ርዝመት፣
ኮት ሊሰፋላቸው ይመስል ለካቸው፣ በትዕግሥት።

የዲዛየር ጉልበት፦ ሃያ ሁለት፣ በሜትር፤
የቪትዝ፦ አሥራ ስድስት፣ ያውም ፊተኛው ሰው ደግ ሆኖ ወንበሩን ሲያሻግር።
ጣሪያው ግን ሌላ ነው። ዲዛየር ኋላው ላይ ዝቅ ይላል፣ እንደ ጎጆ ደጃፍ፣
የአባቴ ባርኔጣ ተጨራመተ ከጫፍ።
ቪትዝ ቀና ናት፤ ገብቶ ቀጥ ሲል
በባርኔጣና በጣሪያ መሃል ክፍት አለ፣ አንድ ቡጢ ያህል።

ከዚያ ዝም አለ። ተቀመጠ ብቻ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
አሥር ደቂቃ እዚህ፣ አሥር ደቂቃ እዚያ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ።
ይርሳው ሰዓት አየ፦ "ሰውየው ተኙ እንዴ?"
"አልተኛሁም። ወንበሩ ይናገር፣ እኔ ዝም ልበል አንዴ።"

የዲዛየሩ ስፖንጅ ሲቀበል ደስ ይላል፣
ሲቆዩበት ይሰምጣል፤ ከሥር ብረት ይቆረቁራል።
የቪትዟ ደረቅ ነው፣ ጨርቁም ደብዝዟል፣
ግን ወገብ ሥር አንድ ነገር፣ እጅ የመሰለ፣ ደግፎ ይይዛል።

እኔ የመሰለኝ ለሙያው ኩራት ነበር።
ደብተሩን ሲገልጥ ግን፣ ከደንበኞች ቁጥር
በላይ፣ አናቱ ላይ፣ የእናቴ ስም አለበት፤
"የዝና" ይላል፦ ዳሌ፣ ጭን፣ ቁርጭምጭሚት፤
ከሙሽርነት ቀሚሷ ጀምሮ፣ እስከ አምናው መስከረም፣ ብረት እስከገባላት።
የማይታጠፍ እግር፣ ሰማንያ አራት፣
አልጋ ላይ ለክቷል፣ ሳትሰማ፣ በሌሊት።

በየወሩ ሐኪም ቤት፣ ባህር ዳር ድረስ፣
በሚኒባስ፣ እግሯ የሰው ኩንታል ላይ፣ ይቅርታ ስትል ነበር የምትደርስ።

"ፊት ትቀመጣለች፣ እዚህችው ነጯ ላይ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ይሸሻል።"
"ከኋላዋስ ያለው ሰው?" አልኩት። "የት ይገባል?"
ሜትሩን ጠቀለለ። "እኔ ነኝ" አለኝ፣
"ለክቻለሁ። አራት ጣት ይተርፈኛል፣ አንተ ዝም በለኝ።"

ሐምሌ ሁለት ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን፤
ዝናቡ ከአማኑኤል እስከ ደምበጫ ሸኘን።
"ተመቸህ ወይ?" አለች፤ ዞራ ልታይ አልቻለችም፤
"ሜዳ ነው" አላት፣ አገጩ ጉልበቱ ላይ እንዳለ አልነገራትም።
ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አንገቷ ዘመመ፣
ቡሬን አላየችም፤ ትንፋሿ ረዘመ።

ኮሶበር ላይ ቆምኩኝ፣ አባቴ ወረደ፤
ማለቴ፣ አንዱ እግሩ ወረደ፤ ሌላው ደንዝዞ አልፈቀደ።
በሩን ይዞ ቆመ፣ በብርዱ፣ ወገቡ ሳይቀና፤
ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን ያዝኩ፣ ጣቱን አይቼ እንደገና፦
ወደ ፊት ወንበር ጠቆመኝ፣ እሷ ወዳለችበት፤
"ቀስ ብለህ ዝጋው" አለኝ፣ "በሩን። ዳንግላ ገና ነው፤ ትተኛበት።"