በእርምጃ ሲለካ

«በካሬ ስንት ነው?» አለኝ ገና ሳይወርድ፣
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሞተሩ ሲነድ።
«መኪናህን» አልኩት፣ «አቁማት ከጥላው ሥር፤
ይህ ሰፈር በጎማ አይታይም፤ በእግር።»

በሬ የለኝም እኔ፣ በአፌ ነው የማርሰው፤
ለዚህ ሰፈር ሲሆን ግን ምላሴም እግር አለው።

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ፣ ዝገት ከበላው በር፣
ሣር ከዋጠው ሐዲድ ጀመርን መቁጠር።
አንድ አለ፤ ሁለት አለ፤ መጀመሪያ ሳቀ፤
ከሃምሳ በኋላ ስልኩን ኪሱ ደበቀ።

በመቶ ሃያ እርምጃ የሳላህ ዳቦ ቤት፤
አባቱ ከባሕር ማዶ ይዞት የመጣው እሳት
እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ በአሥር ሰዓት ሌሊት
ሽታው ሳያንኳኳ ይገባል ወደየቤት።

በሦስት መቶ ስድስት ዋቅጅራ ነው፣ ፋርማሲስቱ፤
ልጅህን በእኩለ ሌሊት ቢያጋየው ትኩሳቱ፣
ታክሲ አትለምንም፤ መዝጊያውን ነው መምታት፣
በካልሲው ይወርዳል፣ መነጽሩን ረስቶት።

«ትምህርት ቤቱስ?» ሲለኝ ደወሉ ተደወለ፤
የኔን መልስ ቀማና «እዚህ ነኝ፣ እዚህ» አለ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት። ደረስን፤ ይኸው ቤቱ፤
በረንዳው እንጨት ነው፣ ጥቁር ድንጋይ መሠረቱ።
ጋራው ላይ የቆመው ባለ ክንፍ ብረት
ንፋሱን ሳያስረው ለመብራት ጉልበት፣
ይህን ቤት የሠራው አናጢ ያውቀዋል፤
በምሥራቅ መስኮት ጠርቶ በምዕራብ ይሸኘዋል።

ባለቤቱ ጋሽ ጉደታ፣ የጥንት ሐዲድ ቀያሪ፣
ባቡሩ ከቀረ ወዲህ የሰዓት ተቆጣጣሪ፤
«ዘገየ» ይላሉ አሁንም፤ ምን እንደሆነ አይናገሩም፤
ልጆቻቸው «ይሸጥ» ብለዋል፤ እሳቸው እምቢም አላሉ፣ እሺም።

ከበረንዳው ጥግ ደግሞ እትዬ ዘሪቱ፣
ፔዳሉን ሲረግጡት ያጉረመርማል ብረቱ።
ክሩን በጥርስ ቆርጠው ከላይ እስከ ታች አዩት፤
«ሱሪህ መሬት ይጠርጋል፤ አውልቀህ ስጠኝ» አሉት።

እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ይደምራል፣ ያባዛል፤
«ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛው ካፌ ይሆናል።
ሰባት ፎቅ! ለጣቢያው፣ ለትምህርት ቤት፣ ለገበያ
ቅርብ ነው፤ ይሄን እንጽፋለን ማስታወቂያ።»

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፣ ሁለት በመቶዬን እያሰብሁ።
እኔ፣ ሰፈር ሻጩ፣ ሦስት ባጃጅ ቀይሬ ነው የመጣሁ፤
ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ጎረቤቴን የማውቀው በበሩ ቁጥር ነው፣ ፊቱን ሳላይ።

ሱሪው እስኪያጥር ድረስ፣ በሰው ነጠላ ተጠቅልሎ
ባለ ሀብቱ ተቀመጠ ደረጃው ላይ፣ እግሩን አንጠልጥሎ።
ሳላህ ዳቦ ላከለት፤ ዋቅጅራ ጋዜጣ ይዞ መጣ፤
«ዘገየ» አሉ ጋሽ ጉደታ፤ እሱም አንገቱን አወጣ።

ስንመለስ ቆጠርን። ከየበሩ ሰላም እየተባለ
ቁጥሩ ጠፋበት፤ «ስንት ደረስን?» አለ።

ማታ ደወለልኝ። ስለ ካሬው መስሎኝ፣
ዋጋዬን አዘጋጅቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁኝ።
«ሱሪው ልክ ሆነ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ፣
«ሴትዮዋ ግን... ቤቱን ብገዛው፣ እዚያው ይቀጥላሉ?»

በአፌ የማርስ ሰው የምዘራው አጣሁ፤
ንፋሱን ሰማሁት፤ መስኮቴን ዘጋሁ።