ከግምገማው ውጪ

ሐምሌ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት፣
ባሕር ዛፉ እስከ ወገቡ ጉም ገብቶበት፣
አሥራ ሁለት መኪና፣ አሥራ ሁለት ሾፌር፣
ከአዳራሹ ውጪ፣ ከግንቡ ሥር፣
ቆመናል ከጧት ጀምሮ።
ውስጥ ግምገማ ነው፤ በሩ ተቀርቅሮ።

ሕዝበ ውሳኔው ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ።
መሰላልና ቁልፍ ነበር ምልክቱ፤
"እንለይ" ያለ ሰው መሰላሉ ላይ፣
ቁልፉ ላይ ደግሞ "አብረን እንቆይ"።
መሰላል በለጠ። ሚዛኑን ያጋደለው
ቢሰፈር አንድ ጣሳ የማይሞላ ጤፍ ነው።
እኔ መሰላሉን፣ ዘነቡ ቁልፉን አልን፤
ከዚያ ወዲህ ለጨው እንኳ ልጅ እንልካለን፣
ባንድ ገበታ ተቀምጠን።

ደበሌ እሸት በቆሎ እየፈለፈለ፣
"የኛ ዶክተር ሌሊቱን አልተኙም" አለ።
"'ጥያቄውን የጻፈው ሌላ ነው' ይላሉ፤
'እኔ ነጠላ ሰረዝ ነው ያስገባሁት' አሉ።"
ሸዋንግዛው ሳቀ። የሱዋ ወይዘሮ
ያ ሁሉ መፈክር፣ ያ ሁሉ ከበሮ
በርሳቸው ትእዛዝ እንዳልተመታ
ለሰማው ሁሉ ይምላሉ ጧት ማታ።

የኔውስ፣ አቶ ፈለቀ? እንጦጦን ስንወጣ
በመስታወት አያቸው ነበር፣ ላብ ፊታቸው ላይ ወጥቶ፣
የኮታቸውን ቁልፍ ሲፈቱ ሲቆልፉ፣
"እኔ ከጅምሩ ብያለሁ" የሚለውን ዐረፍተ ነገር
ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ፣ ሲጽፉ።
ብለው ነበር ወይ? እኔ ከፊት ወንበር የሰማሁት ሌላ ነው።
በምርጫው ዋዜማ በስልክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
"ይሄ ካለፈ ምክትልነቱን ማን ይነጥቀኛል?" ሲሉ ነው።
ለካ መሰላልን ግራና ቀኝ ይዞ የሚያቆመው ሕዝብ ነው፣
አንድ ሰው እንዲወጣው።

አሥር ሰዓት ላይ መስኮቱ ተከፈተ ላፍታ፤
ድምፅ ቆጠርን እኛም፦ ሦስት የጠረጴዛ ምታ።
ጣት ወደ ጣት ተቀስሯል፣ ጣቱ ሁሉ ንጹሕ፤
ቀለሙን በምን እንዳስለቀቁት እንጃ።
የኔ አውራ ጣት ጥፍሩ ሥር አሁንም ጥቁር ነው፤
በበረኪና ፈትጌው፣ በሎሚ አሽቼው።

ሊወጡ ሲሉ የኔ ስልክ ጮኸ። ኑርዬ ነው፣ የስምሪቱ፦
"ሰውዬውን ቤት አድርስና ቁልፉን መልስ።
ነገ ሌላ ሰው ትይዛለህ። እሳቸው ገና አልሰሙም፣
አንተም አልሰማህም።"

ወረድን። ጉሙ የመኪናውን መብራት ይበላዋል።
ከኋላዬ "ጥሩ ነበር" አሉ፤
"ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዛሬ ሁሉም ገብቶታል።"
አንድ ቁጥር ደወሉ። ሌላ ቁጥር ደወሉ።
"የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም"
የምትለዋ ሴት ብቻ ነበረች የምታነሳላቸው።
የሁለት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል፣ "እስቲ ሬዲዮውን" አሉኝ።
"ተበላሽቷል ጌታዬ" አልኩ።
ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቅም።
አዝኜ ይሆናል።
ወይም ያንን ፊት ከሳቸው ቀድሜ ማወቄ ጣፍጦኝ ይሆናል።

ሽሮ ሜዳ ጋ፣ ባሥራ አንድ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣
"አንተስ ምን መረጥክ?" አሉ።
"ሚስቴን የሚያስቆጣውን።"
ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ፤ ሲወርዱም በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቁልፉን መልሼ፣ በታክሲ ለገጣፎ ስደርስ
ልጁ ተኝቷል፤ ጨው የሚያቀብል የለም።
ዘነቡ ምግቡን አስቀምጣ ቆመች።
"ማን ወደቀ?" አለች።
"እርስ በርስ እየተጣቆሙ ነው፤ ገና አልታወቀም።"
እጄን ዘረጋሁ። ጨው መስሎኝ ነበር የምትሰጠኝ፤
አውራ ጣቴን ይዛ ወደ መብራቱ አቀረበችው።
"አልለቀቀም?"
"ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ነው" አልኳት።
የሷንም አየሁት።