ጽዋው በማን ቤት ነው?

ማክሰኞ ሲመሽ ላይ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
ሱፍ በሸተተው ቤት አንድ በአንድ ስንገባ፣
የደብረ ብርሃን ብርድ ከኋላ ይገፋል፤
ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ አምፖሉ ይጠፋል።

አሥራ አንድ ሰው ነን።
ሹፌር ሸዋንግዛው፣ መኪናውን የጠጣ፤
እንድሪስ ከሸዋ ሮቢት፣ ጫቱን ትቶ የመጣ፤
አረቄ ስታወጣ ጥሩወርቅ የኖረች፣
ለሸማች ከቀዳችው ለራሷ ያስቀረች፤
መምህር ምንተስኖት፣ ጸሎት ሲደርስ ዝም ባይ፣
ጀምሮ የማይጨርስ «እኔማ በሰማይ…»።
እኔም አለሁበት፣ የሌሊት ዘበኛ፣
ከጠርሙስ ጋር አዳሪ፣ ስተኛም ሳልተኛ።

እንደ ማኅበር ወጉ ጽዋ አለን የሚዞረው፣
ጠላ ቀምሶ አያውቅም፣ ውሃ ነው የሚኖረው።
«የሚካኤል ይሁን» ተብሎ ተጀመረ፤
የእንድሪስን ፊት አይተን፣ ስም ሳይወጣ ቀረ።
አሁን ሁሉም በሆዱ የራሱን ይጠራል፤
ምንተስኖት «ማክሰኞን!» እያለ ይምላል።

ከዚያ ጽዋው ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ።
ሸዋንግዛው ቤት ነበር፤ እሱም የለም አሉ።
አንዱ ገበያ አየው፣ አንዱ ካቲካላ ቤት፣
አንዱ ያለ ጋቢ፣ በሸሚዝ፣ በዚያ ክረምት።
በርጩማው ግን አለ፤ ማንም አልተቀመጠም።
ውሃውን በላስቲክ ኩባያ ጠጣን፤ አልጣመንም።

በአራተኛው ማክሰኞ፣ ዝናብ እያባረረው፣
በሩን ገፋ ገባ፤ ሽታው ነው የቀደመው።
ከጉያው አወጣ በፌስታል የታሰረ፤
ቋጠሮውን ሲፈታ ጣቱ ተቸገረ።
«በጣሳ ጠጣሁ» አለ፣ «በመዳፌም ጠጣሁ፤
ጋቢዬንም፣ የልጄን ጫማም ገበያ አወጣሁ።
ይህን ግን…»
አልጨረሰም።

ጥሩወርቅ ተነሣች፣ ጽዋውን ተቀበለች፣
አፍንጫዋን አስገብታ ረጅም ትንፋሽ ሳበች።
ጠብታ የማታልፋት፣
ከምድጃ እስከ ጠርሙስ ሃያ ዓመት ያሸተተች።
ቆርቆሮው እንኳ ያን ጊዜ ዝም ያለ መሰለን።
«ውሃ ነው» አለችን።

እንድሪስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም።
ምንተስኖት ቆሟል። ለምን እንደቆመ የጠየቀው የለም።
እግዜር ያን ማታ እዚያ ገብቶ እንደሆን አላውቅም፤
ሰው እንጂ፣ እኔ በር ላይ ሌላ አላሳለፍሁም።

ቀዳንለት።
እጁ እየተንቀጠቀጠ እኩሌታው ፈሰሰ፤
መምህሩ ጽዋውን ከሥሩ ያዘለት፣ እስኪጨርስ።
«ስንተኛ ቀንህ ነው?»
«አንድ። እሱም ገና አልመሸም።»

ለሚመጣው ማክሰኞ ተረኛው እኔ ነበርሁ።
በሩ ላይ ስንለያይ መልሼ አስያዝሁት፤
«ዝናብ ይገባበታል፣
ክደነው» አልሁት።